የቼዝ ተጫዋቾች በጨዋታ መሃል ምን ያስባሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጀማሪ እስከ ግራንድማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ) ስላለው አስተሳሰብ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎበዝ ተጫዋች ከጀማሪ በምን ይለያል? ቶሎ ስለሚያስብ ነው?

ቶሎ ማሰቡ ውጤት እንጂ ምክንያት አይደለም። ትልቁ ልዩነት ያለው ገና ስሌት ሳይጀመር ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። በጨዋታ መሃል ሕጉ ለአንድ ተጫዋች የሚፈቅድለት እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ 30 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ጀማሪ የትኛው ዋጋ እንዳለው ስለማያውቅ አንዱን ያነሳል፣ ይተዋል፣ ሌላ ይጀምራል፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን ያስባል። ለጎበዙ ግን የሚታዩት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ወደ ሐሳቡ እንኳ አይገቡም። ፊደል የሚቆጥር ልጅ ቃሉን ሆሄ በሆሄ ሲለቅመው፣ ማንበብ የለመደ ሰው በአንድ እይታ እንደሚያነሳው ማለት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ብዙ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ከመጀመሪያው አያንስም። ጎበዝ ተጫዋች የወደደውን እንቅስቃሴ ራሱ ሊያፈርሰው ይሞክራል። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሚሼል ካውሊና ሩት በርን በ2004 ባቀረቡት ጥናት፣ ማስተሮቹ ሐሳባቸውን የሚያበላሸውን የተጋጣሚ መልስ ፈልገው ያገኙ ነበር። ጀማሪዎቹ ደግሞ ተጋጣሚው ለእነሱ የሚመቸውን እንደሚመልስላቸው አድርገው ያስቡ ነበር። «እኔ እዚህ፣ እሱ እዚያ፣ ከዚያ በላሁት» የሚለውን ስሌት ሁላችንም እናውቀዋለን። «እሱ እዚያ» የሚለውን ግን ማን አዘዘው?

በምሳሌ ማየት ይቻላል? አንድ አሰላለፍ ፊት የተለያየ ደረጃ ያላቸው ሰዎች ምን ይላሉ?

ይቻላል። ነጭ የንጉሡን ወታደር ወደ ኢ4 ይገፋል (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል)፣ ጥቁር በኢ5 ይመልሳል፣ ነጭ ወዲያው ንግሥቱን ወደ ኤች5 ያወጣል። በየሰፈሩ ቼዝ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት የሚታይ ጨዋታ ነው። አሁን ተራው የጥቁር ነው።

ሕጉን ትናንት የተማረ ሰው «ንግሥቷ መጣች፣ ላባርራት» ብሎ የጂ ወታደሩን አንድ ቤት ይገፋል። የሚያየው የራሱን ማስፈራራት ነው፤ ወታደሩ ሲነሳ የተከፈተው ሰያፍ መስመር አይታየውም። ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ወታደር በልቶ ቼክ ይላል፣ ማለትም ንጉሡን ያስፈራራል፣ ንግሥቷ እዚያው ቆማ ጥግ ላይ ያለውን ግንብም ትይዛለች። ንጉሡ ሲድን ግንቡ ተበላ። ጥቂት ወራት የተጫወተ ሰው ኢ5 መያዙን ስለሚያይ ፈረሱን ወደ ሲ6 አውጥቶ ይጠብቀዋል። ጥሩ ነው። ነጭ ጳጳሱን ወደ ሲ4 ሲያወጣ ግን «ለምን መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። ሌላውን ፈረስ ወደ ኤፍ6 ዘሎ «ንግሥትህን ያዝኩ» ይላል፤ ንግሥቷ ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር በልታ ጨዋታው ያልቃል። ክለብ ውስጥ የሚጫወት ሰው ጳጳሱ እንደተንቀሳቀሰ ኤፍ7ን ያያል፣ የጂ ወታደሩንም አሁን ይገፋል። ከአንድ ተራ በፊት ግንብ ያስበላው እንቅስቃሴ፣ ፈረሱ ኢ5ን ከጠበቀ በኋላ ትክክለኛው መልስ ሆነ ማለት ነው።

ማስተሩስ? እሱ እዚህ ላይ ምንም አያሰላም። «ንግሥቷ ያለ ጊዜዋ ወጥታለች፣ እያባረርኳት ጠጠሮቼን አወጣለሁ» ብሎ ያልፋል። በነገራችን ላይ ሂካሩ ናካሙራ በ2005 ይህችኑ የንግሥት አወጣጥ በሕንዳዊው ግራንድማስተር ክሪሽናን ሳሲኪራን ላይ ሞክሯት ነበር፤ ያሸነፈው ሳሲኪራን ነው።

«ደረጃ» ሲባል በምን ይለካል?

በሬቲንግ ነው። ስሌቱን የሠሩት በሃንጋሪ ተወልደው አሜሪካ ያደጉት የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ሲሆኑ፣ የዓለም አቀፉ ቼዝ ፌዴሬሽን ፊዴ በ1970 ተቀብሎታል። በሁለት ተጫዋቾች መካከል የ200 ነጥብ ልዩነት ካለ የበላዩ ከ100 ጨዋታ 76 ነጥብ ያህል እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ ልዩነቱ 400 ሲሆን ወደ 91 ይጠጋል። ለግራንድማስተርነት በውድድር ከሚሟሉ መስፈርቶች ጋር 2500፣ ለኢንተርናሽናል ማስተርነት 2400 ያስፈልጋል። እስካሁን የተመዘገበው ከፍተኛው የማግነስ ካርልሰን ነው፤ በ2014 ዓ.ም 2882 ደርሷል።

በስልክ መተግበሪያ ላይ የምታዩት ቁጥር ከፊዴው ጋር አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱ ሚዛን አለው፤ ስለዚህ «1800 ነኝ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የት እንደሆነ ጠይቁ።

ግራንድማስተር ስንት እንቅስቃሴ ወደፊት ያያል?

አሰላለፉ ይወስነዋል። ቼክ በቼክ፣ መብላት በመብላት የሚቀጥል መስመር ላይ ተጋጣሚው ምርጫ ስለሌለው አሥር እንቅስቃሴና ከዚያም በላይ ማየት ይቻላል። ሁሉም ነገር ጸጥ ባለበት አሰላለፍ ደግሞ የዓለም ሻምፒዮንም ቢሆን ሁለት ሦስት እርምጃ አይቶ «ይህ ይመቸኛል» ብሎ ሊያቆም ይችላል።

በዚህ ላይ መሠረቱን የጣለው አድሪያን ደ ግሮት ነው። ደ ግሮት የሥነ ልቦና ሰው ብቻ አልነበረም፣ ራሱ ለኔዘርላንድስ በኦሎምፒያድ የተሰለፈ ጠንካራ ተጫዋች ነበር። በ1938 ታላላቆቹ ለአቭሮ ውድድር ወደ ኔዘርላንድስ ሲመጡ አጋጣሚውን ተጠቀመበት። አሌኪንን፣ ኧቨንና ኬረስን የመሳሰሉ ሰዎች አንድ አሰላለፍ ፊት ተቀምጠው የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ፣ እያንዳንዱንም ቃል ጻፈ። ውጤቱ በ1946 ሲወጣ ብዙዎችን አስገረመ። ግራንድማስተሮቹ ከጠንካራ አማተሮች ይልቅ እጅግ ርቀው ወይም እጅግ ብዙ አማራጭ አላሰሉም፤ የመረጡት እንቅስቃሴ ግን የተሻለ ነበር፣ ያገኙትም ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

ሌላም ነገር አስተዋለ። ሐሳባቸው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ተጠናቆ አይሄድም። አንድ እንቅስቃሴ ያያሉ፣ ይተውታል፣ ሌላ ያያሉ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው ቀድሞ ካቆሙበት ትንሽ ዘልቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ መመላለሱ በራሱ የጀማሪ ምልክት አይደለም፤ ጀማሪው የሚመላለሰው አዲስ ነገር ሳይዝ ነው። አንድ ማስተካከያ ግን ያስፈልጋል፤ «ግራንድማስተር አያሰላም፣ ዝም ብሎ ያያል» የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። ከደ ግሮት በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሰላለፉ ሲወሳሰብ ጠንካሮቹ በእርግጥም ጠልቀው እንደሚያሰሉ አሳይተዋል።

ሰሌዳውን በአምስት ሰከንድ ይይዙታል ይባላል። እንደ ካሜራ ያለ ትዝታ ስላላቸው ነው?

አይደለም፣ ይህም በጥሩ ሙከራ ታይቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዊልያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን በ1973 አንድ ማስተር፣ አንድ መካከለኛ ተጫዋችና አንድ ጀማሪ አስቀምጠው ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለአምስት ሰከንድ አሳዩአቸው። ማስተሩ አብዛኛውን መልሶ ሲደረድር ጀማሪው አራት ያህል ጠጠር ብቻ አስታወሰ። ከዚያ ጠጠሮቹን ያለ ምንም ትርጉም በትነው ሲያሳዩ የማስተሩ ብልጫ ጠፋ፤ እሱም እንደ ጀማሪው ጥቂት ብቻ ነው ያስታወሰው። ዘግይተው የወጡ ጥናቶች በተበተነውም ላይ ለጠንካሮቹ ትንሽ ብልጫ እንደሚቀር አሳይተዋል፤ ከመጀመሪያው ጋር ግን አይወዳደርም።

ማስተሩ 25 ጠጠር አላየም። «ንጉሡ ተሸሽጓል፣ ጳጳሱ ከፊቱ ነው፣ መሃሉ ተቆልፏል» ብሎ አምስት ስድስት ነገር ነው ያየው። ሳይመንና ባልደረቦቹ ማስተሮች በአእምሯቸው የያዙት እንዲህ ያለ ቅርጽ በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠር ገምተዋል። እያንዳንዱ ቅርጽ ደግሞ ከነመዘዙ ነው የሚመጣው፤ ይህ ሲኖር ይህን ሞክር፣ ያንን ተጠንቀቅ የሚል ነገር አብሮት አለ።

ለዓመታት እየተጫወትኩ ሬቲንጌ አንድ ቦታ ቆሟል። አስተሳሰቤ ላይ ምን ጎድሎ ነው?

በጣም የሚበዛው ጥያቄ ይህ ነው። መካከለኛ ተጫዋች ብዙ ያውቃል። መክፈቻ ሸምድዷል፣ ፈረስ ዳር ላይ ደካማ መሆኑን ሰምቷል፣ ንጉሡን ቶሎ ይሸሽጋል። የሚጎድለው እውቀት ብዙም አይደለም፣ እውቀቱን በእያንዳንዱ ተራ መጠቀም ነው። ሠላሳ ጊዜ በጥንቃቄ ተጫውቶ ሠላሳ አንደኛው ላይ «አያየውም» ብሎ ይለቃል፣ ያኛው ደግሞ ያየዋል። በዚህ ደረጃ ጨዋታዎች የሚያልቁት ባብዛኛው በረቀቀ ዕቅድ ሳይሆን አንዱ ጠጠር ሲያስበላ ነው።

ሁለተኛው ችግር የጊዜ አጠቃቀም ነው። መካከለኛው ተጫዋች ግልጽ የሆነውን መልሶ መብላት ላይ ሦስት ደቂቃ ያባክንና ጨዋታውን የሚወስነውን ልውውጥ በአሥር ሰከንድ ይፈጽማል። ጠንካራ ተጫዋች የሚያቆመው መመለሻ የሌለው እርምጃ ፊት ነው፦ ወታደር ከመግፋቱ በፊት፣ ንግሥት ከመለዋወጡ በፊት፣ መጨረሻው ወደ ንጉሥና ወታደር ብቻ የሚወርድ ከሆነ። ሦስተኛው ደግሞ ሕግን እንደ ትእዛዝ መያዝ ነው። «ድርብ ወታደር (በአንድ ዓምድ ላይ የተደራረቡ ሁለት ወታደሮች) መጥፎ ነው» የሚለውን የተማረ ሰው ድርብ ወታደሩ የከፈተለትን የግንብ መስመር ትቶ ይሄዳል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው፣ ይሠራል ግን። ጠጠሩን ከመንካታችሁ በፊት ተጋጣሚው ያለውን ቼክ ሁሉ፣ የሚበላውን ሁሉ፣ ቀጥሎ የሚያስፈራራውን ፈልጉ። ይህን በአንድ ጨዋታ ሙሉ ሳትዘሉ ማድረግ ከምታስቡት በላይ ያደክማል። ከጨዋታው በኋላ ደግሞ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት የት ላይ ምን እንዳሰባችሁ በራሳችሁ እጅ ጻፉ።

ለቼዝ ከፍ ያለ አይኪው ያስፈልጋል?

ትንሽ ይረዳል። ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ በአእምሮ ችሎታ ፈተናና በቼዝ ጥንካሬ መካከል ያለው ግንኙነት አለ፣ ግን መጠነኛ ነው፤ ከአዋቂና ጠንካራ ተጫዋቾች ይልቅ በልጆችና በዝቅተኛ ደረጃ ላይ ጎልቶ ይታያል። ልምምድ ዋናው ነው፤ ሁሉንም ነገር ግን እሱም አይገልጽም። በአርጀንቲና ተጫዋቾች ላይ የተሠራና በ2007 የወጣ ጥናት ማስተር ለመሆን አንዱ 3 ሺህ ሰዓት ገደማ ሲበቃው ሌላው ከ23 ሺህ በላይ እንደፈጀ አሳይቷል። «10 ሺህ ሰዓት ሥራና ትደርሳለህ» የሚሉ ሰዎች ይህን ልዩነት ቢያዩት ጥሩ ነው።

ዳማ ጎበዝ ነኝ። ቼዝ ላይም ቶሎ ጎበዝ እሆናለሁ?

በቆርኪ ሰፈሩን ሁሉ የሚያሸንፍ ሰው ቼዝ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ወራት ያበሳጩታል። ዓይኑ የለመደው የዳማ ቅርጽ ነው፤ ያ ደግሞ ወደ ቼዝ አይሻገርም። ፈረስ ዘሎ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲይዝ ለማየት ከዜሮ መጀመር አለበት።

የሚሻገረው ልማዱ ነው። መብላት ግዴታ በሆነበት የዳማ ሕግ የተጫወተ ሰው «ይህን ልስጠው፣ እሱ ይበላል፣ እኔ ሦስት እበላለሁ» የሚል ስሌት ደሙ ውስጥ አለ። ተጋጣሚን ማስገደድና ጠጠር ሆን ብሎ ማስበላት አያስፈራውም። ይህን ድፍረት ለማግኘት ብዙ የቼዝ ጀማሪ ዓመታት ይፈጅበታል።

በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ላይስ አስተሳሰቡ ተመሳሳይ ነበር?

አጀማመሩ ላይ አይመሳሰልም። በሀገራችን ሰንጠረዥ ጨዋታው የሚጀመረው በወረራ ነው፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል እያንቀሳቀሱ ያሰልፋሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ጨዋታው በመኳንንቱ ዘንድ የተወደደ ነበር፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር ጽፏል።

የተሸመደደ መክፈቻ እዚህ አይሠራም። ዓይን ሁለት ቦታ መሆን አለበት፤ የራስህን ጦር እያሰለፍክ የእሱን እጅ ትከታተላለህ፣ ሰልፉን ሲቀይር ትቀይራለህ። በዘመናዊው ቼዝ ከቤት ተዘጋጅቶ የሚመጣው ሥራ በሰንጠረዥ እዚያው ሰሌዳው ላይ ይሠራል። ከያኔዎቹ ጠጠሮች የአብዛኞቹ እርምጃ አጭር ስለነበር ከተበላሸ ሰልፍ ሮጦ መመለስም ቀላል አልነበረም።

ብሊትዝ መጫወት አስተሳሰብን ያበላሻል?

ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የተሰጠበት ጨዋታ ብሊትዝ ይባላል። ጎበዙ በብሊትዝም ጎበዝ ነው፣ ምክንያቱም በሦስት ሰከንድ ውስጥ የሚሠራው ዓይን ነው። ይሁንና ጊዜ ሲያጥር ግራንድማስተሮችም ይበልጥ ይሳሳታሉ፤ ክሪስቶፈር ሻብሪስና ኤሊየት ሀርስት በ2003 የግራንድማስተሮችን ጨዋታ በኮምፒውተር ፈትሸው በፈጣን ጨዋታ ላይ ከረጅሙ ይልቅ ስህተቱ እንደሚበዛና እንደሚከብድ አሳይተዋል። ስሌት ቦታ አለው ማለት ነው።

ጀማሪ ብሊትዝ ብቻ ሲጫወት የሚያጠናክረው ያለውን ልማድ ነው፤ መጥፎ ከሆነ መጥፎውን። የኔ ምክር፦ ማስበላታችሁን ሳታቆሙ ብሊትዝ አታብዙ።

ሰሌዳ ሳያዩ የሚጫወቱት ምን ይታያቸዋል?

አልፍሬድ ቢኔ የተባለው ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1890ዎቹ ይህን ሲያጠና የጠበቀው እንደ ፎቶ ያለ ጥርት ያለ ምስል ነበር። ጠንካሮቹ የነገሩት ግን ሌላ ነው፤ የጠጠሩ ቅርጽና ቀለም አይታያቸውም፣ የሚሰማቸው ጠጠሩ የሚሠራው ሥራ ነው። ጳጳሱ «ያንን መስመር የያዘ ነገር» ሆኖ ነው ያለው።

ከላይ ያነሳሁት የ2003 ጥናት እዚህም ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለው፦ ግራንድማስተሮች በፈጣን ጨዋታ ሰሌዳውን ሳያዩ ሲጫወቱ የሠሩት ስህተት እያዩ ከሠሩት ብዙም አልበለጠም። ቲሙር ጋሬየቭ በ2016 ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ48 ሰዎች ጋር ሰሌዳ ሳያይ ተጫውቷል። ለጀማሪ ግን ልምምዱ ትንሽ ይጀምራል፤ ዓይን ጨፍኖ «ሲ3 ላይ ያለ ፈረስ የት የት ይሄዳል?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይበቃል።

ግራንድማስተር እንዴት በአንድ እርምጃ የሚሞትበትን ቼክሜት ሳያይ ይቀራል?

በ2006 ቦን ከተማ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላድሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትዝ ከሚባል ፕሮግራም ጋር ሲጫወት ሆነ። በሁለተኛው ጨዋታ አሰላለፉ ምንም አያሰጋውም ነበር። የንግሥት ልውውጥ አስቦ ንግሥቱን ወደ ኢ3 አንቀሳቀሰ፤ በነጭ የሚጫወተው ፕሮግራም ንግሥቱን ኤች7 ላይ አስቀምጦ በአንድ እርምጃ ቼክሜት አለው። ተቸኩሎ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማየት ቼክሜቱን ማየት ይበቃል። ኤች7 ላይ የቆመችውን የነጭ ንግሥት የሚጠብቃት ኤፍ8 ላይ ያለ የነጭ ፈረስ ነበር። ንግሥት ኤች7 ላይ ስትሞት ወይም ስትገድል ሺህ ጊዜ አይተናል፤ ድጋፏ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰያፉን የያዘ ጳጳስ ወይም ጂ5 ላይ የተቀመጠ ፈረስ ነው። ከተጋጣሚ የኋላ ረድፍ ሆኖ የሚጠብቅ ፈረስ ብርቅ ቅርጽ ነው። በቅርጽ የሚያይ ዓይን በሚያውቀው ላይ ፈጣን የሆነውን ያህል በማያውቀው ላይ ይታወራል። ጀማሪ ያንን ቼክሜት ቢያስመልጥ ሳያይ ስለቀረ ነው፤ ክራምኒክ ግን በጣም በማየቱ ነው ያመለጠው።

ሌላው ምክንያት ያልተጠበቀ ነገር ነው። በ2014 ሶቺ ላይ በዓለም ሻምፒዮናው ስድስተኛ ጨዋታ ካርልሰን ንጉሡን ወደ ዲ2 አንቀሳቅሶ ከባድ ስህተት ሠራ፤ ቪስዋናታን አናንድ ግን ፈረሱ የሚበላውን ሳያይ የራሱን ዕቅድ ቀጠለ፣ ጨዋታውንም ተሸነፈ። ሌላው ቢሆን ያየው ይሆናል፤ ከካርልሰን እንዲህ ያለ ስጦታ የሚጠብቅ የለም። ድካምም አለ፤ በ2024 ሲንጋፖር ላይ ዲንግ ሊረን በመጨረሻው 14ኛ ጨዋታ ግንቡን ወደ ኤፍ2 ወስዶ ዘውዱን ለ18 ዓመቱ ጉኬሽ ያስረከበው ሦስት ሳምንት ገደማ ከተጫወተ በኋላ ነው።

ኮምፒውተር እንዴት ያስባል? እንደ ሰው ነው?

ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር በ1997 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ሲያሸንፍ በሰከንድ 200 ሚሊዮን ያህል አሰላለፍ ይመረምር ነበር። ይህ ከሰው አስተሳሰብ ጋር ዝምድና የለውም። በ2017 የመጣው አልፋዜሮ የተባለ ፕሮግራም ግን በሰከንድ 80 ሺህ ያህል ብቻ እየመረመረ፣ 70 ሚሊዮን የሚመረምረውን ስቶክፊሽ የተባለ ሌላ ፕሮግራም በልጧል። ከራሱ ጋር ተጫውቶ የትኛው መስመር መታየት እንዳለበት ስለተማረ ነው። ጥቂት አይቶ የሚበልጠው ማሽን፣ ደ ግሮት ጮክ ብለው ሲያስቡ ከሰማቸው ሰዎች ጋር ትንሽ ይቀራረባል፤ አሁንም ግን ከማንኛውም ሰው በብዙ ሺህ እጥፍ ያሰላል።

ለተማሪ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ኢንጅኑ (የቼዝ ፕሮግራሙ) «ምርጥ» ያለው እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ከኋላው አሥራ አምስት ትክክለኛ እርምጃ ይፈልጋል። ያንን ስሌት የማትችሉ ከሆነ ሁለተኛውን ምርጥ መጫወት ይሻላችኋል፤ ግራንድማስተሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ቼዝ ልጄን ትምህርት ላይ ጎበዝ ያደርገዋል?

ወላጆች እንዲህ ተብሎ ይነገራቸዋል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። እንግሊዝ ውስጥ 100 ትምህርት ቤቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2016 የወጣ ትልቅ ሙከራ ቼዝ የተማሩ ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ፈተና ካልተማሩት እንደማይበልጡ አሳይቷል። ከላይ ከተባለው ጋርም ይሄዳል፤ ልጁ ያከማቸው የቼዝ ቅርጽ ነው፣ ክፍልፋይ ሲደምር አይጠራም። ልጃችሁ ከወደደው አስተምሩት፤ መውደዱ በቂ ምክንያት ነው።

አንድ ተጫዋች «እንዲህ አሰብኩ» ሲል ምን ያህል ይታመናል?

በከፊል። መሪም ቢላሊች፣ ፒተር ማክሊዮድና ፈርናንድ ጎቤ በ2008 ያወጡት ሙከራ እዚህ ላይ የሚያስደነግጥ ነው። ለጠንካራ ተጫዋቾች ሁለት መፍትሔ ያለው አሰላለፍ ሰጧቸው። አንዱ ሁሉም የሚያውቀው፣ ንጉሥ በራሱ ጠጠሮች ታፍኖ በፈረስ የሚያልቅበት ረጅም መንገድ ነው፤ ሌላው ብዙም ያልተለመደ ግን አጭር ነው። ብዙዎቹ የታወቀውን አገኙ፣ አጭሩን አላዩም። የታወቀው መንገድ ተዘግቶ ያው አሰላለፍ ሲሰጥ ግን ተመሳሳይ ደረጃ ያላቸው ሰዎች አጭሩን አገኙት።

ሰዎቹ «የተሻለ እየፈለግሁ ነው» ይሉ ነበር፣ የሚዋሹም አልነበሩም። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ ግን ሌላ አሳየ፤ ዓይናቸው የመጀመሪያው መፍትሔ ያለባቸውን ቤቶች እየተመላለሰ ነበር የሚያየው። ጥሩ ሐሳብ የተሻለውን ይጋርዳል፣ ባለቤቱም አያውቀውም። ስለዚህ ጥሩ እንቅስቃሴ ስታገኙ «ሌላስ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ያንን እንቅስቃሴ ሕጉ የከለከለ አድርጋችሁ፣ ከሰሌዳው ሌላ ጎን ሆን ብላችሁ ጀምሩ። በብሊትዝ ለዚህ ጊዜ የለም፤ በረጅም ጨዋታ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።